አንዲቷ ክፍል፦ የብላንታየር ወዛደር ቤተሰብ ኑሮ በ19ኛው ምዕተ ዓመት

የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ለተወለዱበት ቤት የሚሰጠው ሥፍራ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። «ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ፤ በልጅነቱም ብዙ መከራ አየ» ይባልና ብዕሩ ወዲያው ወደ ሰውየው ገድል ያመራል። ድህነቱ የባለታሪኩን ብርታት አጉልቶ ለማሳየት ይጠቀሳል እንጂ ራሱን ችሎ አይመረመርም። እናቲቱ በስንት ሰዓት ትነሣ ነበር? ውሃው ከየት ይቀዳል? የልጆቹ ደመወዝ በማን እጅ ይገባል? ሰባት ነፍስ በአንድ ክፍል ውስጥ እንዴት ያድራል? እነዚህ ጥያቄዎች እንደ ተራ ነገር ይታለፋሉ። የሠርቶ አደሩን ሕዝብ ታሪክ በሚገባ ለመረዳት የሚሻ ሰው ግን መነሻው እነዚሁ ተራ የሚባሉት ጥያቄዎች ሊሆኑ ይገባል።

ለዚህ አስተሳሰብ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን በስኮትላንድ አገር፣ ከግላስጎው ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 8 ማይል ያህል ርቃ በክላይድ ወንዝ ዳር በምትገኘው በብላንታየር የፋብሪካ መንደር የነበረ አንድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 1813 በዚህ ቤት የተወለደው ዴቪድ ሊቪንግስተን ኋላ በአፍሪካ ባደረገው ጉዞ ስሙ በዓለም የታወቀ ሚስዮናዊ፣ ሐኪምና አሳሽ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን አሳሹን ሳይሆን ያሳደገውን ቤት ነው። የዚህ ሰው ዝና ያበረከተልን አንድ ትልቅ ጥቅም ቢኖር፣ በዘመኑ የነበሩ የሌሎች ብዙ ሺህ ወዛደሮች ኑሮ ሳይጻፍ ሲቀር የእርሱ ቤተሰብ ኑሮ ተጽፎ መቆየቱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ከደሴት ወደ ፋብሪካ

የሊቪንግስተን ቤተሰብ የብላንታየር ተወላጅ አልነበረም። የዴቪድ አያት ኒል ሊቪንግስተን ከስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከመል ደሴት አጠገብ በምትገኘው ኡልቫ በምትባል ትንሽ ደሴት ከጌታ መሬት ጥቂት እየተቀበሉ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ቋንቋቸው ጌሊክ ነው። የያዙት ቁራሽ መሬት እየበዛ የሄደውን ቤተሰባቸውን ሊመግብ ስላልቻለ በ1792 ደሴቲቱን ለቀው ሥራ ወደሚገኝበት ወደ ብላንታየር መጡ። ከእርሳቸው በኋላ ኡልቫ የገጠማት ዕጣ ከዚህም የከፋ ነበር። በ1835 ደሴቲቱን የገዛው ፍራንሲስ ዊልያም ክላርክ የተባለ ባለመሬት ከ1846 እስከ 1851 ባሉት ዓመታት ለበግ ርቢ የሚሆን መሬት ለማግኘት ሲል አብዛኛውን ነዋሪ ከቀዬው አፈናቅሏል። በድንች ላይ የወረደው በሽታ ረሃብ ባስከተለበት ዘመን መሆኑ ደግሞ የሕዝቡን መከራ እጥፍ አደረገው።

ብላንታየር በዚያን ጊዜ አዲስ መንደር ነበረች። ዴቪድ ዴል የተባለው የግላስጎው ነጋዴና ሸሪኩ ጀምስ ሞንቲዝ በ1785 የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ያቋቋሙት የክላይድን ወንዝ ጉልበት አስበው ነው። የውሃው ኃይል መንኮራኩሩን ያዞራል፤ መንኮራኩሩም የመፍተያ መኪናዎቹን ያንቀሳቅሳል። መኪናዎቹን የሚያገለግል ሰው ግን በወንዙ ዳር አልነበረም። ስለዚህ የፋብሪካው ባለቤቶች ከፋብሪካው ጋር አብረው መንደር መሥራት ነበረባቸው። ቤት ሠሩ፤ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከተራራማው ሰሜንና ከደሴቶቹ የሚፈልሰውን መሬት አልባ ገበሬም ተቀበሉ። የኡልቫው ኒል ከነዚህ ፈላሾች አንዱ ነበሩ። በታማኝነታቸው የተመሰገኑ ስለነበሩ ፋብሪካው ከግላስጎው ብዙ ገንዘብ ሲያመጣ አደራው ለእርሳቸው ይሰጥ ነበር። በእርጅናቸውም ጡረታ ተቆርጦላቸዋል።

በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የዚህ ቤተሰብ ኑሮ ከሥሩ ተለወጠ። በኡልቫ የቀኑን ሥራ የሚወስኑት ፀሐይ፣ ዝናብና ባሕር ነበሩ፤ በብላንታየር የሚወስነው የፋብሪካው ደወል ሆነ። በደሴቲቱ ቤተሰቡ ድሃ ቢሆንም የሚበላውን በከፊል ራሱ ያመርት ነበር። በፋብሪካው መንደር ግን ከዱቄቱ እስከ ከሰሉ ሁሉን ነገር በገንዘብ ይገዛል። ገንዘቡ የሚገኘውም ጉልበትን በመሸጥ ብቻ ነው።

አሥራ አራት በአሥር

የዴቪድ ወላጆች ይኖሩበት የነበረው ሕንፃ «ሸትል ሮው» ይባላል፤ «የመወርወሪያ ረድፍ» ማለት ነው። ባለ ሦስት ደርብ ሆኖ 24 ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚደርሰው አንድ ክፍል ነበር። ወደ ላይኞቹ ደርቦች የሚወጣው ከሕንፃው ጋር በተያያዘ ክብ ግንብ ውስጥ በሚዞር ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ ነው። የክፍሏ ርዝመት 14 ጫማ፣ ወርዷ 10 ጫማ ነበር። በሜትር ሲሰላ ከአራት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርዝመትና የሦስት ሜትር ያህል ወርድ ማለት ነው። ኒል የተባለው ልጅና ሚስቱ አግነስ ሀንተር በዚህ ቤት ሰባት ልጆች አፍርተዋል። ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞተው አምስቱ አደጉ። ጆን የመጀመሪያው፣ ዴቪድ ሁለተኛው ሲሆኑ ጃኔት፣ ቻርልስና አግነስ ተከታዮቹ ናቸው።

በዚያ ዘመን በስኮትላንድ ሠራተኛ ቤት የሚታየው ዕቃ ብዙ አልነበረም። በግድግዳው ስርጉድ ውስጥ የተሠራ፣ በጣውላ ታጥሮ ከፊት ለፊቱ በመጋረጃ የሚዘጋ የሣጥን አልጋ አለ። ወላጆች የሚተኙት በዚህ ነው። ከሥሩ መንኮራኩር ያለው ዝቅተኛ አልጋ ተገፍቶ ይቀመጥና ማታ ማታ ለልጆቹ ወደ ወለሉ ይሳባል። ሲነጋ እንደገና ተገፍቶ ካልገባ በክፍሏ ውስጥ መተላለፊያ አይኖርም። አንድ የከሰል ምድጃ፣ በላዩ የሚንጠለጠል የብረት ድስት፣ የአጃ ዱቄት የሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን፣ ጠረጴዛና ጥቂት መቀመጫዎች የቀረውን ቦታ ይይዛሉ። ለመብራት የሚያገለግለው የሞራ ሻማ ወይም በዘይት የሚነድ ኩራዝ ነው።

ምግቡም እንደ ቤቱ ውስን ነበር። የጧቱ ምግብ የአጃ ገንፎ ነው፤ ሲገኝ አሬራ ይታከልበታል። ድንች፣ ጎመን፣ የገብስ ሾርባ፣ የአጃ ቂጣ፣ አንዳንድ ጊዜም በጨው የታሸ ዓሣ የዘወትር ማዕድ ነበሩ። ሥጋ ከሠራተኛ ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው።

ይህች ክፍል መኝታ፣ ማድቤት፣ የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ፣ የወሊድ ቤት፣ የሕመምተኛ ክፍልና የልጆች ማጥኛ ናት። አንዱ አገልግሎት ሲጀመር ሌላው መቆም አለበት። ስለዚህ ሥርዓት በዚህ ቤት ውስጥ የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም፤ ሰባት ሰው በአንድ ክፍል ሳይጋጭ ለመኖር ያለ ሥርዓት አይቻለውምና።

እዚህ ላይ አንባቢ ይህ ኑሮ የጥቂቶች ብቻ ነበር ብሎ እንዳይገምት ሰፋ ያለውን ሁኔታ መመልከት ያሻል። በ1861 በስኮትላንድ የተካሄደው ሕዝብ ቆጠራ እንዳረጋገጠው ከአገሪቱ መኖሪያ ቤቶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ባለ አንድ ክፍል ነበሩ። ከነዚህም ወደ 8,000 የሚጠጉት መስኮት እንኳ አልነበራቸውም። የሊቪንግስተን ቤት በድንጋይ የታነጸ፣ መስኮትና ምድጃ ያለው በመሆኑ ከብዙዎቹ የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል።

የደወሉ ሥርዓት

ዴቪድ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ በ1823፣ ከፋብሪካው ገባ። ሥራው «ክር ቀጣይ» መሆን ነው። በመፍተያው መኪና ላይ የሚጠመዘዘው ክር በየጊዜው ይበጠሳል። ልጁ መኪናው ሲመጣና ሲመለስ እየተከተለ፣ እየተጎነበሰና ከሥሩ እየሾለከ የተበጠሱትን ጫፎች በጣቱ ያገናኛል። ለዚህ ሥራ ትናንሽ ጣትና ቀልጣፋ እግር ስለሚያስፈልግ ልጅ ከአዋቂ ይመረጣል። የልጅ ደመወዝ ከአዋቂ ደመወዝ ማነሱ ደግሞ ለምርጫው ሌላው ምክንያት ነው። በስኮትላንድ የጥጥ ፋብሪካዎች ውስጥ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች የነበሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሥራው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀመርና ምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ያበቃል። በመካከሉ ለቁርስና ለምሳ አጭር ዕረፍት አለ። ክሩ እንዳይደርቅና እንዳይበጠስ ሲባል አዳራሹ ሞቃትና እርጥብ እንዲሆን ይደረጋል፤ አየሩም በጥጥ ብናኝ የተሞላ ነው። ልጆቹ ከዚያ ሙቀት ወጥተው ወደ ስኮትላንድ የክረምት ብርድ ይገባሉ። በ1832 በእንግሊዝ ፓርላማ በማይክል ሳድለር ሰብሳቢነት የፋብሪካ ልጆችን ሁኔታ የመረመረው ኮሚቴ ፊት የቀረቡ ምስክሮች፣ በየፋብሪካው ያንቀላፋ ልጅ በጠፍር ይመታ እንደነበር ተናግረዋል። በሚቀጥለው ዓመት በ1833 የወጣው ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጥጥ ፋብሪካ እንዳይቀጠሩ ከለከለ፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ያሉትም በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ወሰነ። የብላንታየሩ ዴቪድ በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመቱ ነበር። ሕጉ ሲወጣ የእርሱ ልጅነት አልፏል።

ይህን ሥርዓት የሚቃወም ድምፅ በአካባቢው አልነበረም ማለት አይደለም። በ1820 በምዕራብ ስኮትላንድ ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ሠራተኞች የመምረጥ መብት እንዲሰጣቸው በመጠየቅ ሥራ አቁመው ተነሥተው ነበር። ከብላንታየር ብዙ በማትርቀው በስትሬቨን ከተማ ይኖር የነበረው ሸማኔው ጀምስ ዊልሰን በዚህ ምክንያት ተይዞ ነሐሴው ወር መጨረሻ ላይ በግላስጎው አደባባይ ተሰቅሏል። ዴቪድ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ በእነዚህ ዓመታት በየቤቱ የነበረው ዝምታ ሁሉ የመስማማት ምልክት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

የእናት ሒሳብ

የቤቱ አባት ኒል በወጣትነቱ ልብስ ሰፊነት ተምሯል፤ ኋላ ግን ከመንደር መንደር እየዞረ ሻይ የሚሸጥ ትንሽ ነጋዴ ሆነ። ሃይማኖተኛ፣ መጠጥ የማይቀምስና መጽሐፍ ወዳድ ሰው ነበር። ሻዩን ሲሸጥ የሃይማኖት ጽሑፎችን አብሮ ያድል እንደነበር ይነገራል። የዚህ ዓይነት ነጋዴ ብዙ ትርፍ እንደማያገኝ ግልጽ ነው። ልጁም በ1857 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ መግቢያ ላይ አባቱ ከልክ ያለፈ ቅንነት ስለነበረው ሀብት ማፍራት እንዳልቻለ መስክሯል።

የቤቱ ምሰሶ እናቲቱ ነበረች። ልጅዋ በዚያው መጽሐፍ ስለ እርሷ የጻፈው ጥቂት ቃል ነው፤ ገቢና ወጪን ለማገናኘት የምትጨነቅ የቤት እመቤት እንደነበረች ይገልጻል። ይህ አጭር አነጋገር በውስጡ የያዘውን ሥራ ብንዘረዝረው ግን የፋብሪካውን ቀን የሚያህል ሌላ ቀን እናገኛለን። ልጆቹ ከ12 ሰዓት በፊት ደጃፍ እንዲወጡ እናት ከዚያ በፊት ተነሥታ እሳት ማንደድ አለባት። ውሃ ከውጭ ቀድታ ጠመዝማዛውን ደረጃ ትወጣለች፤ ቆሻሻውን ይዛ ትወርዳለች። ገንፎውን ታገነፋለች። ልብሱን ታጥባለች፤ ትጥፋለች፤ የታላቁን ለታናሹ ታሳጥራለች። ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን ደግሞ የደከሙት ተመልሰው ይመጣሉና እሳቱ ጠፍቶ መቆየት የለበትም።

በቤተሰቡ ዘንድ የቆየው ትዝታ ይህች ሴት ደቃቃ፣ ዓይኖችዋ ውብ፣ ንጽሕናን አጥብቃ የምትወድ እንደነበረች ያስታውሳታል። በአንድ ክፍል ውስጥ ንጽሕናን መጠበቅ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተራ ምስጋና አይደለም። የልጅ ሞት ከየቤቱ በማይጠፋበት ዘመን፣ እርሷም ራሷ ሁለት ልጆች የቀበረች በመሆኗ፣ ወለሉን መጥረግና ልብሱን መቀቀል የቀሩትን አምስት በሕይወት የማቆየት ትግል ነበር።

ፋብሪካው ለዚህ ሥራ የከፈለው ነገር የለም። በደመወዝ መዝገቡም ላይ አግነስ ሀንተር ለዚህ ሥራዋ አልተመዘገበችም። ነገር ግን በጧት የበላ፣ የተጠገነ ልብስ የለበሰና ሌሊት ያረፈ ሠራተኛ በየቀኑ በደጃፉ የሚያገኘው እርሷን በመሰሉ ሴቶች ድካም ነበር። ከዚህ አንጻር ስንመለከተው የወዛደሩ ክፍል የፋብሪካው ሁለተኛ አዳራሽ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በአንደኛው አዳራሽ ክር ይመረታል፤ በሁለተኛው ክሩን የሚያመርተው ጉልበት ይታደሳል።

የልጆቹም ደመወዝ የሚገባው ወደዚሁ የእናት ሒሳብ ነበር። በ1880 የዴቪድን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ዊልያም ብሌይኪ እንደሚያወሳው፣ ልጁ የመጀመሪያውን ሁለት ሺሊንግ ተኩል ሲቀበል በእናቱ ጭን ላይ ጣለው። ከመጀመሪያው ሳምንት ደመወዙ በከፊሉም የላቲን ሰዋስው እንደ ገዛ ራሱ ዴቪድ ጽፏል። ይህ የመጽሐፍ ታሪክ በብዙ አገር ለተማሪዎች የትጋት ምሳሌ ሆኖ ሲነገር ኖሯል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እንጨምርበት። ለዱቄትና ለከሰል በሚቆጠር ገንዘብ መካከል ለላቲን መጽሐፍ የሚሆነውን ማን ፈቀደለት? የፈቀደችው በዚያ ሳምንት ከሌላ ነገር ላይ መቀነስ የነበረባት ሴት ናት። መጽሐፉ የአንድ ልጅ ምኞት ብቻ ሳይሆን የመላው ቤት ወጪ ነበር።

መጽሐፍና ዘፈን

ፋብሪካው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የሚቆይ የማታ ትምህርት ቤት ነበረው። ከአሥራ አራት ሰዓት ሥራ በኋላ ወደዚያ የሚሄዱት ልጆች ብዙ አልነበሩም። ዴቪድ ከትምህርቱ ሲመለስ እስከ እኩለ ሌሊት ያነባል። እናቱ ተነሥታ መጽሐፉን ከእጁ እየነጠቀች ታስተኛው እንደነበር ራሱ ጽፏል። በማግሥቱ ደግሞ መጽሐፉን በመፍተያው መኪና ላይ ያስቀምጥና በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየለቀመ በመኪናዎቹ ጩኸት መካከል ያነባል።

የአባቱ ቁጥጥር ጥብቅ ነበር። ሲመሽ በሩ ይቆለፋል። አንድ ቀን ዴቪድ ዘግይቶ ቢመጣ በሩ ተዘግቶ ስላገኘው ሳያለቅስና ሳያንኳኳ ቁራሽ ዳቦውን ይዞ ደጃፍ ላይ ለማደር እንደ ተቀመጠ፣ እናቱም እንዳገኘችው ይተረካል። አባትየው ልጁ የሃይማኖት መጻሕፍት ብቻ እንዲያነብ ይፈልግ ነበር፤ ልጁ ግን የሳይንስና የጉዞ መጻሕፍትን ያሳድዳል። የመጨረሻውን ግርፋት የተገረፈው የዊልበርፎርስን የሃይማኖት መጽሐፍ አላነብም በማለቱ ነው።

በቤተሰቡ ውስጥ የነበረው ዕውቀት ከታተመ መጽሐፍ ብቻ የመጣ አልነበረም። አያትየው የደሴቲቱን ተረቶችና የአባቶቻቸውን ታሪክ ከነትውልድ ሐረጉ ይተርካሉ። አያቲቱ የጌሊክ ዘፈኖችን ይዘፍናሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹን በቱርኮች እጅ ተማርከው ተስፋ የቆረጡ የደሴት ሰዎች የገጠሟቸው ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። በፋብሪካው መንደር የሚያድገው ልጅ በቀን የመኪናውን ጩኸት፣ በማታ የላቲኑን ሰዋስው፣ በእሳቱ ዳር ደግሞ የእነዚህን አዛውንት ድምፅ ይሰማል። መሬቱን ያጣ ሕዝብ ቃሉን ይዞ ወደ ስደት እንደሚሄድ ለሥነ ቃል ተመራማሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም።

በአሥራ ዘጠነኛ ዓመቱ ዴቪድ ወደ ፈታይነት ከፍ አለ። ሥራው ለቀጭን ወጣት እጅግ ከባድ ቢሆንም ክፍያው የተሻለ ስለነበር በበጋ እየሠራ በክረምት ለመማር አስቻለው። በ1836 አባትና ልጅ በበረዶ ላይ በእግራቸው ወደ ግላስጎው ሄደው በሳምንት ሁለት ሺሊንግ የሚከራይ ክፍል ፈለጉ። በ1840 ሕክምናውን ፈጽሞ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጓዘ። አባቱን ከዚያ በኋላ አላየውም፤ ኒል በ1856 መጀመሪያ ሲሞት ልጁ ገና ወደ አገሩ አልተመለሰም ነበር። እናቱ እስከ 1865 ኖራለች። እኅቶቹ ጃኔትና አግነስ የልጅነቱን ታሪክ ለብሌይኪ ነግረው አስጽፈዋል። የራሳቸውን ታሪክ ግን የጠየቃቸው የለም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ስለ እነርሱ የተጻፈው ጥቂት ነው።

ጣሪያው የማን ነበር?

በፋብሪካ መንደር ውስጥ ቤት የሚገኘው ከሥራ ጋር ነው። ሥራው ሲቀር ቤቱም ይቀራል። ይህ ሁኔታ በሰላሙ ጊዜ ብዙም ስለማይታይ ባለፋብሪካው ቤት በመሥራቱ እንደ ደግ አባት ይመሰገናል። የነገሩ ፍሬ ግልጽ ሆኖ የወጣው እዚያው ብላንታየር ውስጥ፣ ጥጡ ዋና ሥራ መሆኑ ቀርቶ የድንጋይ ከሰል ማዕድን በተስፋፋበት ጊዜ ነው።

ኦክቶበር 22 ቀን 1877 በዊልያም ዲክሰን ኩባንያ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ 207 ሰዎች ሞቱ። ይህ በስኮትላንድ የማዕድን ሥራ ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። 92 ሴቶች ባሎቻቸውን፣ 250 ልጆችም አባቶቻቸውን አጡ። ቤተሰቦቹ የሚኖሩት በኩባንያው ቤቶች ነበር። አደጋው ከደረሰ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ኩባንያው ቤት ያልለቀቁ 34 ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች በፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በሜይ ወር 1878ም በዳኛ ትእዛዝ ከነልጆቻቸው አስወጣቸው። ከጉድጓዱ ሠራተኛ የሌለው ቤተሰብ በቤቱ ለመኖር መብት የለውም ማለት ነው።

ስለዚህ የሸትል ሮው እናት ያን ሁሉ ዘመን ስትጠርገውና ስታጸዳው የነበረው ወለል የእርሷ አልነበረም። ቤተሰቡ የራሴ ሊለው የሚችለው በዚያ ወለል ላይ የመሠረተውን ሥርዓት፣ ያወረሰውን ቃልና ያሳደጋቸውን ልጆች ብቻ ነበር።

የፈትሉ መነሻና መድረሻ

የዚህ ቤት ታሪክ በስኮትላንድ ተጀምሮ በስኮትላንድ አያልቅም። ትንሹ ዴቪድ በጣቱ ይቀጥለው የነበረው ጥጥ በክላይድ ዳር አይበቅልም። በመርከብ ይመጣ የነበረው ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከብራዚልና ቁጥሩ እየበዛ ከሄደው የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች እርሻ፣ ማለትም ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ነው። የሚያለሙትም በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት በግዛቶቹ ውስጥ ባርነትን የሚያስቀር ሕግ ያወጣው በ1833 ሲሆን፣ በአሜሪካ ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ነው። በአንደኛው ጫፍ ደመወዝ የማይከፈለው ባሪያ ይለቅመዋል፤ በሌላው ጫፍ የአሥር ዓመት ልጅ ይቀጥለዋል። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፤ ክሩ ግን አንድ ነው።

ከዚህ ቤት የወጣው ሰው ባርነትን አጥብቆ የተቃወመ መሆኑ የታወቀ ነው። የመረጠው መፍትሔ ግን ከሸትል ሮው ያወጣውን ዓለም የሚመስል ነበር። ከ1858 እስከ 1864 በመራው የዛምቤዚ ጉዞ አንዱ ተስፋው አፍሪካውያን ለእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ ቢያመርቱ የባሪያ ንግድና በባሪያ ጉልበት የሚለማው ጥጥ ገበያ ያጣሉ የሚል ነው። ከሞተ በኋላ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን በዛሬይቱ ማላዊ በ1876 የመሠረቱትን ጣቢያ በትውልድ መንደሩ ስም ብላንታየር አሉት። ዛሬ ትልቅ ከተማ ነው።

በዚያው አገር የሊቪንግስተን አማች አሌክሳንደር ሎው ብሩስ ከ160,000 ኤከር በላይ መሬት ያዘ፤ ከእርሱም ወደ ልጆቹ ማለትም ወደ ሊቪንግስተን የልጅ ልጆች ተላለፈ። በማጎሜሮ በሚገኘው በዚህ እርሻ ላይ ጥጥ ይመረት ነበር። በመሬቱ የሰፈሩት አፍሪካውያን ለኪራዩ በገንዘብ ፈንታ ጉልበታቸውን የሚገብሩበት «ታንጋታ» የሚባል ሥርዓት ነበረባቸው። ጃንዋሪ 23 ቀን 1915 በጆን ቺሌምብዌ መሪነት የተነሡት አማፅያን ያጠቁት ይህንኑ እርሻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ዊልያም ጀርቪስ ሊቪንግስተን ተገደለ፤ ቺሌምብዌም በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ተገድሏል። ለጌታ መሬት ሲገብሩ ኖረው ከኡልቫ የፈለሱት ጭሰኛ ገበሬ ዘሮች፣ በአራት ትውልድ ውስጥ በሌላ አህጉር ራሳቸው ባለጭሰኛ ሆነው ተገኙ።

ይህ መደምደሚያ ስለ ሰዎቹ መጥፎነት የሚነገር አይደለም። አንድ ቤተሰብ ከመከራ መውጣቱ መከራውን ያመጣውን ሥርዓት መለወጥ እንዳልሆነ ያስረዳል። ሊቪንግስተን እንደገና ልወለድ ብል በዚያው ዝቅተኛ ኑሮ መጀመርን እመርጣለሁ ብሎ ጽፏል። ቃሉን ከልቡ እንደ ተናገረው መጠራጠር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ይህን መናገር የሚችለው ከዚያ ኑሮ የወጣ ሰው ነው። አብረውት ክር ሲቀጥሉ የኖሩት ሌሎቹ ልጆች ምን ይመርጡ እንደነበር የጻፈልን የለም።

ሸትል ሮው ከ1929 ጀምሮ ቤተ መዘክር ነው፤ ታድሶም በ2021 እንደገና ተከፍቷል። ፋብሪካዎቹ ግን ዛሬ የሉም። ጎብኚው ወደ ሕንፃው የሚሄደው ከ24ቱ ክፍሎች አንዷን ብሎ ነው። የታሪክ ጸሐፊ፣ መምህርና የኪነ ጥበብ ሰው በዚያች ክፍል ደጃፍ ሲቆም የቀሩትን ሃያ ሦስት በሮችም ሊያስብ ይገባዋል። ከየበሩ በስተጀርባ ከንጋት በፊት እሳት የምታነድ ሴት ነበረች፤ አልጋ ተገፍቶ ሲገባ የሚነቃ ልጅም ነበረ። ስለ እነርሱ የሚጻፍ ድራማ ወይም ልብ ወለድ ስማቸውን መልሶ ሊያመጣ አይችልም። የኖሩበትን የቀን ሥርዓት፣ የምድጃውን፣ የውሃውንና የሳንቲሙን ሒሳብ በትክክል በማሳየት ግን የዚያን ፋብሪካ ክር የፈተሉት እነርሱም መሆናቸውን ሊያስታውስ ይችላል።